ከመስታወቱ ሥር ያለው ቀይ ነጥብ

ሥራ ስጀምር አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ቦታው ሸዋ ሮቢት፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ያለው የጋሼ ይማም ሬድዮ መጠገኛ ቤት ነው። ስምንተኛ ክፍል ላይ ወባ አልጋ ላይ ጥሎኝ ትምህርቴን ካቋረጥኩ ወዲህ የአባቴን ሬድዮ አራት ጊዜ ፈትቼ ሦስት ጊዜ ገጥሜዋለሁ። አራተኛውን አቃተኝና በነጠላ ጠቅልዬ ለጋሼ ይማም ወሰድኩላቸው። ከፍተው ውስጡን አዩ።

«ይሄን ማን ነካው?»

«እኔ ነኝ።»

«መጥፎ አልነካሽውም። ሰኞ ነይ።»

ሰኞ ስሄድ መበየጃውን ይሰጡኛል ብዬ ነበር፤ የሰጡኝ የቀለም ብሩሽ ነው። መደርደሪያው ላይ የተኮለኮሉትን ሬድዮኖች አንድ በአንድ እየከፈትኩ አቧራና በረሮ ስጠርግ ዋልኩ። «በኛ ቆላ ሬድዮ በዕድሜ አይሞትም» አሉኝ። «የሚገድለው በረሮ፣ አቧራና ሙቀት ነው። መጀመሪያ ጠላትሽን እወቂ።»

አንድ የጭነት መኪና ሹፌር በሩ ላይ ቆሞ ሲያየኝ ቆየና፣ «ጋሼ ይማም፣ ይቺ ልጅ ሬድዮ ውስጥ ያለውን ሰውዬ ልታገባው ነው እንዴ?» አለ።

«ካንተ ይሻለኛል» አልኩት ብሩሹን ሳላስቀምጥ። «እሱ ሲዘጉት ዝም ይላል።»

ጋሼ ይማም እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ ቀን በኋላ ሴት መሆኔን አንስቶ የሚያሾፍ ሲመጣ መልሱን ለኔ ይተዉልኝ ነበር።

በሁለት ዓመት ውስጥ ቴስተር ማንበብ፣ የተቃጠለ ፊውዝ በሽታው ሌላ ቦታ መሆኑን ማወቅ፣ በጆሮ ብቻ የላላ ብየዳ መለየት ቻልኩ። መጽሐፍ አልነበረንም። የነበረን የጋሼ ይማም ጣት ነው፤ ይጠቁማሉ፣ እኔ እበይዳለሁ።

አክስቴ እትዬ አስካለ ከጀውሃ የመጡት በዚያን ጊዜ ነው። የእናቴ ታላቅ እኅት ናቸው፤ አስፋልቱ ዳር ለሹፌሮች ምግብ ቤት ነበራቸው። አንድ ልጃቸው ደምሴ በገበያ ቀን በአፈሳ ተይዞ ወደ ሰሜን ከተወሰደ አሥራ አንድ ወር ሆኖታል። አንድ ደብዳቤ መጣ፤ ከዚያ ወዲያ ምንም።

ወንበር ስስብላቸው እንኳ አልተቀመጡም። «ጋሼ ይማም፣ ሬድዮም ቴፕም ሸክላም ያለበት አንድ ቡፌ ይሥሩልኝ። ሳሎኔ የሚቀመጥ። ልጄ ዘፈን ይወዳል። ሲመጣ ያገኘዋል።»

«መቼ ይመጣል?»

«እኔ ምን አውቄ! ለዚህ አይደል የሚቆይ ነገር የምልዎ። አምስት ዓመትም ይሁን አሥር ዓመት፣ ሲመጣ አርጅቶ እንዳይጠብቀው።»

ጋሼ ይማም መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት። «ኢንሻአላህ ይቆያል» አሉ። ከዚያ ወደኔ ዞሩ። «ይሄን የምትሠሪው አንቺ ነሽ።»

የሚቆይ ዕቃ ማለት ምን እንደሆነ የተማርኩት በዚያ ቡፌ ነው። ያኔ ሰው ሁሉ የሚመኘው ሬድዮውም ቴፑም አንድ ላይ ተዋህዶ ከውጭ የሚመጣውን ሣጥን ነበር። ጋሼ ይማም አይወዱትም፤ «አንዱ ሲታመም ቤተሰቡ በሙሉ ይተኛል» ይላሉ። እኛ ሬድዮውን ለብቻው፣ ቴፑን ለብቻው፣ የሸክላ ማጫወቻውን ለብቻው፣ ማጉያውንም ለብቻው በየመሳቢያው አደረግናቸው። እያንዳንዱ የራሱ ፊውዝ አለው። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሄደው ሽቦ በመሰኪያ ይያያዛል እንጂ አይበየድም። በየሽቦው ላይ አንድ ስንዝር ትርፍ ተውኩ፤ አይጥ ስትበላው ቆርጦ ለመቀጠል።

እንጨቱ ከማጀቴ ከተማ የመጣ ዋንዛ ነው። አናጺው እንድሪስ ሚስማር ሊመታ ሲል ከለከልኩት።

«ሚስማር ምን አደረገሽ?»

«ብሎን ነው የምፈልገው። ነገ ሰው ይፈታዋል።»

«እኔ የሠራሁትን ማነው የሚፈታው?» ብሎ ሲያጉረመርም ዋለ፤ በብሎን አሰረው ግን።

ጀርባውን ለበረሮ ብለን በደቃቅ የሽቦ ወንፊት ዘጋነው። አራቱን እግሮች ለምስጥ ብለን ጋዝ የተጨመረበት ጣሳ ውስጥ አቆምናቸው። ጀውሃ መብራት ስላልነበረ በመኪና ባትሪ እንዲሠራ አደረግነው፤ መብራት የገባ ቀን የሚሰካበትንም አብረን አዘጋጀን። የሽቦዎቹን መንገድ በወረቀት ስዬ ከቡፌው በር ውስጠኛ ገጽ ለጠፍኩት። አንድ መሳቢያ ባዶ ቀረ። «ነገ የሚመጣውን ዕቃ አናውቅም፤ ቦታ ተዪለት» አሉኝ ጋሼ ይማም።

በጥገና ቤታችን አንድ ክልክል ነገር ነበር። ቁጥር ማንበብ የማይችል ደንበኛ፣ ጣቢያው ያለበት ቦታ ላይ በጥፍር ቀለም ነጥብ አድርጉልኝ ይላል። መካከለኛው ሞገድ ላይ፣ ለመንግሥት ጣቢያ፣ ነጭ ነጥብ እናደርግለታለን። አጭር ሞገድ ላይ ግን ፈጽሞ። «የፈለገ ራሱ ፈልጎ ያግኝ» ይላሉ ጋሼ ይማም። ምክንያቱን መንገር አላስፈለጋቸውም። ሰሜን ያሉት ተዋጊዎች የሚያስተላልፉት፣ እኛ የበረሃው ሬድዮ የምንለው ጣቢያ ያለው አጭር ሞገድ ላይ ነው። እሱን ሲሰማ የተገኘ ይታሰራል።

ቡፌውን ጀውሃ ወስደን የተከልን ቀን ጋሼ ይማም ለቀትሩ የዙሁር ሶላት ወጡ። እትዬ አስካለ የሳሎኑን በር ዘጉ።

«ወይንሸት፣ የበረሃው ሬድዮ ማታ ማታ የተማረኩትን ልጆች ስም ያነባል ይላሉ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው፣ እትዬ።»

«የት ጋ ነው?»

መርፌውን አዙሬ አሳየኋቸው።

«ነገ አላገኘውም። ቁጥሩን አላውቀው፣ ዐይኔም ደክሟል። ነጥብ አድርጊልኝ።»

«ጋሼ ይማም ከልክለዋል።»

«ጋሼ ይማም ልጅ ወደ ሰሜን አልሄደባቸውም።»

ቦርሳዬ ውስጥ ለጓደኛዬ ሠርግ የገዛሁት ቀይ የጥፍር ቀለም ነበር። ከላይ ልቀባው ብዬ አሰብኩና፣ እትዬ አስካለ ጠዋት ጠዋት ዕቃቸውን ሁሉ በእርጥብ ጨርቅ እንደሚወለውሉ ትዝ አለኝ። በሳምንት ይጠፋል። ስለዚህ በካቻቢቴ የሬድዮውን ፊት ፈታሁ፣ መስታወቱን አወጣሁ፣ ሰሊጥ የምታህል ነጥብ ከውስጥ በኩል አድርጌ እስኪደርቅ እፍ አልኩበት። መልሼ ገጠምኩት።

«እንዳይጠፋ ከሥር አድርጌዋለሁ» አልኳቸው። ኮርቼ ነበር።

አራት ወር ሙሉ እትዬ አስካለ በየማታው አንድ ሰዓት ላይ ማጉያው ላይ ጋቢ ደርበው፣ ጆሯቸውን አስጠግተው ሰሙ። የደምሴ ስም አልተጠራም።

የቀበሌው ሊቀመንበር ምሳ የሚበላው እትዬ አስካለ ምግብ ቤት ነው። አንድ ቀን ዜና አማረውና ማንንም ሳይጠይቅ ከጎን ወዳለው ሳሎን ገባ። ሬድዮውን ሊከፍት ጎንበስ ሲል ለመንግሥት ጣቢያ ያደረግነውን ነጭ ነጥብና ቀዩን አየ።

«እትዬ አስካለ፣ ነጩ የኛ ነው። ቀዩ የማነው?»

«የሱዳን ዘፈን ነው። ሹፌሮቹ ይወዱታል።»

«እንዲያ ነው?» አለ። ምሳውን ሳይጨርስ ወጣ።

ማታ አንድ ሰዓት ላይ ሁለት የአብዮት ጥበቃ አባላት ይዞ ተመለሰና መርፌውን ራሱ ቀዩ ነጥብ ላይ አደረገው። አንቴናውን ባሕር ዛፉ ጫፍ ድረስ የወሰድኩት እኔ ነኝ፤ ድምፁ ጥርት ብሎ ወጣ። ስም እየተነበበ ነበር። እትዬ አስካለ ክንዱን ያዙት።

«ጓድ፣ በልጆችህ! ዝርዝሩን ይጨርስና ውሰዱኝ።»

አንድ ስም ተጠርቶ የአባቱ ስም ሳይነበብ ሊቀመንበሩ ሬድዮውን ዘጋው።

በማግስቱ እኛ ዘንድ መጡ። ሊቀመንበሩ የሬድዮውን መስታወት አስፈትቶ በጨርቅ ጠቅልሎ ይዞታል። ጠረጴዛችን ላይ አስቀመጠው።

«ሴትዮዋ ቀለሙን የቀባሁት እኔ ነኝ ትላለች። ቀለሙ ግን ከውስጥ ነው። እሷ ሬድዮ መፍታት አትችልም። ከናንተ ማነው?»

ጋሼ ይማም መስታወቱን አንስተው ወደ በሩ ብርሃን አዞሩት። ነጥቡን ትንሽ አዩት። ወደኔ አላዩም።

«እኔ ነኝ» አሉ። «ዐይናቸው የደከመ ሴት ናቸው ብዬ ነው።»

መበየጃው እጄ ላይ እየጨሰ ነበር። ነጠላ ጫማቸውን እንዳደረጉ ይዘዋቸው ወደ አውራጃው እስር ቤት ሄዱ። መበየጃዬን ይዤ ቆሜ ማየቴን ለብዙ ዓመታት ለማንም አልተናገርኩም።

ቤቱን ብቻዬን እየከፈትኩ ሠራሁ። በሦስተኛው ወር ሊቀመንበሩ ጠራኝ። ቡፌውን ወርሰው፣ መስታወቱንም መልሰው ገጥመው፣ ለስብሰባ የቀበሌው አዳራሽ አስቀምጠውታል፤ አሁን እየጮኸ አስቸግሯል። ጀውሃ ሄድኩ። እትዬ አስካለ ከአዳራሹ ጀርባ መጋዘን ውስጥ ታስረዋል፤ መጠየቅ ግን አይቻልም።

ሕመሙ ቀላል ነው፤ የባትሪው ራስ ዝጎ ነበር። ፍቄ ጨርሼ ሬድዮውን ልሞክር ስል መርፌው ቀዩ ነጥብ ላይ ቆሟል። ድምፁ እስከ መጨረሻው ተቀንሷል። በሩ ላይ የሚጠብቀው ሙሄ የሚባል የአብዮት ጥበቃ ልጅ መሬት መሬት ያያል።

«አንተ ነህ?» አልኩት።

«ወላሂ ለክፋት አይደለም። ወንድሜ እዚያ ነው» አለኝ በሹክሹክታ። «ለእትዬም ውኃ ሳስገባ እነግራቸዋለሁ። እስካሁን ወንድሜም ልጃቸውም አልተጠሩም።»

ሊቀመንበሩ ገባ። «እዚያው እያለሽ ያንን ቀይ ነገር አጥፊልኝ።»

በምላጭ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። «ጓድ፣ ከመስታወቱ ጋር ተጣብቋል» አልኩት። «ልፋቀው ካልኩ ይሰበራል። ሌላ ደግሞ አይገኝም።»

ትክ ብሎ አየኝ። ካቻቢቴዬን ጠርጌ ወደ ቦርሳዬ ከተትኩ።

«ተዪው» አለ።

ጋሼ ይማም በተወሰዱ ቀን ማለት የነበረብኝን አልተናገርኩም፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ደፍሬ የተናገርኩት ይህችኑ ውሸት ብቻ ነው።

እትዬ አስካለ በአምስተኛው ወር ተፈቱ። ጋሼ ይማም በስምንተኛው። የእስር ቤቱ ወባ አድቅቋቸው፣ ሁለቱ እጆቻቸው እየተንቀጠቀጡ መጡ። ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው የሠራሁትን ሬድዮ ገልበጥ አድርገው አዩ። ከዚያ ጠየቁኝ።

«ከመስታወቱ ሥር ነው ያደረግሽው?»

«አዎ ጋሼ።»

«ከላይ ብታደርጊው አክስትሽ ሰዎቹ ሳይመለሱ በእርጥብ ጨርቅ ይጠርጉት ነበር።»

«ይቅር ይበሉኝ» ብዬ እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል በእጃቸው ከለከሉኝ። «መበየጃው በርዷል፤ አሙቂው» አሉ። ስለዚያ ነገር ዳግመኛ አላነሱም። መበየጃም ዳግመኛ አልጨበጡም። እስኪሞቱ ድረስ በሚንቀጠቀጥ ጣታቸው ይጠቁማሉ፣ እኔ እበይዳለሁ።

መንግሥቱ የወደቀ ሰሞን የቀበሌው አዳራሽ በሩ ተከፍቶ ቀረ። እትዬ አስካለ ሁለት ተሸካሚ ይዘው ሄደው ቡፌያቸውን ወደ ሳሎናቸው መለሱ። ሄጄ ከፈትኩት። የቴፑን ጎማ ለወጥኩ፣ አንድ ፊውዝ ተካሁ፣ አንድ የተበላ ሽቦ ከትርፉ ቀጠልኩ። የሳልኩት ወረቀት እንደተለጠፈ ነው። ሌላው ሁሉ ይሠራል።

«እትዬ፣ ቀዩን ነጥብ ላጥፋልዎ?»

«ተዪው።»

የተማረኩት ልጆች በየመኪናው እየተጫኑ በጣርማ በር በኩል ወደየአገራቸው አለፉ። አንዳንዶቹ ምግብ ቤቱ ወርደው በሉ። እትዬ አስካለ እያንዳንዱን ጠየቁ። ደምሴን የሚያውቅ አልተገኘም። ሞተ የሚል ወረቀትም አልመጣላቸውም።

ለሙያው ልጆች የምለው ይህን ነው። ዕቃ ስትሠሩ የሚፈታ አድርጋችሁ ሥሩ፤ ብሎን፣ መሰኪያ፣ ትርፍ ሽቦ፣ ባዶ መሳቢያ። የደንበኛችሁን ምስጢር ግን ከመስታወት ሥር አታስገቡ። እሱ በእርጥብ ጨርቅ የሚጠፋ ይሁን።

እትዬ አስካለ ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ኖሩ። የበረሃው ጣቢያ ከዚያ ቦታ ከጠፋ ቆይቷል። እሳቸው ግን ማታ ማታ አንድ ሰዓት ላይ መርፌውን ቀዩ ነጥብ ላይ አድርገው ይከፍቱ ነበር። ሹ የሚለውን ባዶ ድምፅ ሩብ ሰዓት ያህል ያዳምጣሉ። ከዚያ ይዘጉትና የሹፌሮቹን እራት ሊያቀርቡ ይነሳሉ።