የጋሼ እርጥብ መዳፍ

ጋሼ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ ካረፉ ዓመት ሊሞላቸው ነው። ሰው ሁሉ ደግነታቸውን ያነሳል። እኔ የማስታውሰው እጃቸውን ነው፤ እሱንም በቅናት።

ክረምት ላይ ብርዱ ሰንብቶ መለስ ሲል፣ ከምንኖርበት ከሊልበርን አራት ሰዓት ነድተው ሳቫና ከተማ ባሕር ዳርቻ ዓሣ ሊያጠምዱ ይሄዱ ነበር። የሚወስዱት ታናሽ እህቴን ብቻ ነው። መንጠቆ ከመጣላቸው በፊት መዳፋቸውን ባሕሩ ውስጥ ይነክሩና ጉንጯ ላይ ያሳርፉታል።

«ፍረጂ እስቲ፣ ዓሣው ነቅቷል ወይስ ተኝቷል?»

ተኝቷል ካለች፣ ፀሐይ ውሃውን እስክታሞቀው ቁጭ ብለው ያወራሉ።

እኔንም እንዲወስዱኝ ብዬ የውሃ ቴርሞሜትር ገዛሁላቸው። «ጋሼ፣ ከእንግዲህ እጅዎን መንከር የለብዎትም» አልኳቸው። «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ» ብለው መኪናቸው ውስጥ አስቀመጡት። በማግስቱ እሷን ይዘው ሄዱ።

ባለፈው ሳምንት ብርዱ ሲለቅ፣ እህቴ «ድራይቭ አድርግልኝ» አለችኝና አብረን ሄድን። የጋሼን ታጣፊ ወንበር ዘረጋችው፤ ማናችንም አልተቀመጥንበትም። ጎንበስ ብላ እጇን ነከረችና ጉንጬ ላይ አሳረፈችው።

«ፍረድ እስቲ።»

ቅዝቃዜው አጥንቴ ድረስ ገባ። «ተኝቷል» አልኩ። «የእሳቸውም እጅ እንዲህ ይቀዘቅዝ ነበር?»

«ኖ፣ መዳፋቸው በጣም ሻካራ ስለነበር ቅዝቃዜው ብዙም አይሰማኝም ነበር» አለች። «እኔ ሁልጊዜ ተኝቷል የምላቸው ብዙ እንድንቆይ ብዬ ነው።»

ባዶውን ወንበር አየሁት። ከበፊቱ ይልቅ ያን ጊዜ ቀናሁባት።