እህቴ ስትዘምር ያልሰማናት

እህቴ የሞተችው ባሕር ዳር ነው። እዚያ ነርስ ነበረች። ታማ በተኛች በአምስተኛው ቀን አረፈች። እኛ ደብረ ታቦር ነበርን፤ ያን ሰሞን መንገዱ በጦርነቱ ተዘግቶ መኪና አይወጣም አይገባም። ቀብሯ ላይ ከቤተሰብ አንድም ሰው አልቆመም። የቀበሯት የሥራ ባልደረቦቿና አብረዋት የሚዘምሩት የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ናቸው።

ሙት ዓመቷ ሲደርስ የመዘምራኑ አለቃ ደወለልኝ።

"ላረፉት አባሎቻችን የመታሰቢያ መዝሙር አዘጋጅተናል፤ እሁድ ከሰዓት ነው። መንገዱም ተከፍቷል። እባክህ አባትና እናትህን ይዘህ ና" አለኝ።

አባቴ የዜማ መምህር ናቸው። አዳራሽ ውስጥ ማይክ ጨብጦ መዘመር ለእሳቸው ከዘፈን እምብዛም አይለይም። እህቴ በየዓመቱ ለመዝሙር ጉባኤያቸው ትጠራቸው ነበር፤ እሳቸውም "ቤተ ክርስቲያን እያለ አዳራሽ ምን ልሠራ?" እያሉ ይቀሩ ነበር። እናቴም እሳቸውን ትታ አትሄድም። አሁንም እንቢ ይላሉ ብዬ ስፈራ ስፈራ ነገርኋቸው። "ነጩን ጋቢ አውጡልኝ" አሉ።

እሁድ በጠዋት በሚኒባስ ወጣን። እናቴ ከል እንደለበሰች ነበረች፤ የጋገረችውን ድፎ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልላ ጉልበቷ ላይ ይዛለች። "ለቀበሩልኝ ልጆች ነው" ብላ ማንንም አላስነካችም። መኪናው ሰው ሊያወርድ ሐሙሲት ላይ ሲቆም በመስኮት ወደ ገበያው እያየች "እዚህ እንኳ ደርሼ ቢሆን ኖሮ የቀረውን በእግሬ እገባው ነበር" አለች።

አዳራሹ ውስጥ ፊት ለፊት አስቀመጡን። የእህቴና የሌሎች ሁለት ሟቾች ፎቶግራፍ መድረኩ ላይ ቆሟል። ልጆቹ ነጭ ለብሰው በከበሮና በበገና ዘመሩ። ከዚያ አለቃው ወጣና በልምምድ ላይ በስልክ የተቀዳ የእህቴን ድምፅ አሰማን።

ብቻዋን ነበር የምትዘምረው። መኻል ላይ ሳል ያዛትና ሳቀች። "ይቅርታ፣ እንደገና ልጀምር" አለች።

እናቴ ከወንበሯ ብድግ ብላ "ጀምሪ ልጄ! ጀምሪ፣ አለሁልሽ!" አለች። አዳራሹ በሙሉ አለቀሰ። አባቴ ዓይናቸውን ጨፍነው የመቋሚያቸውን ጫፍ ቀስ እያደረጉ ወለሉ ላይ ያሳርፉ ነበር፤ ማሕሌት ላይ ሲቆሙ እንደሚያደርጉት።

ሲያልቅ አለቃውን ጠሩት። "ይህን ዜማ ማን አስተማራት?"

"ለእኛ ያስተማረችን እሷ ናት፣ አባታችን። 'አባቴ ሲያስተምሩ ከደጅ ሆኜ የሰማሁት ነው' ትለን ነበር" አላቸው። አለቃው ሊያጽናናቸው ፈልጎ ቀጠለ። "በጣም ነበር የምትወድዎት። ከማረፏ ሁለት ወር በፊት ጉባኤ ስናደርግ እንኳ ይመጣሉ ብላ ለሁለታችሁም ወንበር ይዛ፣ መዝሙሩ እስኪጀመር በሩ ላይ ቆማ ነበር።"

አባቴ ወደ እኔ ዞሩ። "ያን ጊዜ ጠርታን ነበር?"

ጠርታ ነበር። የደወለችው ለእኔ ነው። "አባባን አንተ ለምንልኝ፤ አንተን ይሰሙሃል" ብላኝ እሺ ብያት ነበር። መንገዱም ያኔ ክፍት ነበር። እኔ ግን የተማሪዎቼን ፈተና እያረምሁ ነበር፤ የአባቴን ቁጣም መስማት አላሰኘኝም። ለአባቴ ሳልነግራቸው ቀረሁ። ጉባኤው ካለቀ በኋላ ደውላ ምነው ቀራችሁ ስትለኝ፣ "አባባን አሟቸው ነው" ብዬ ዋሸኋት።

ይህን ሁሉ እዚያው ቆሜ ነገርኋቸው።

"ብትነግረኝ እንቢ እል ይሆናል" አሉ አባቴ። "እሄድም ይሆናል። አሁን ይህን ማን ያውቃል?" አልተቆጡም። ቢቆጡኝ በወደድሁ።

እናቴ ግን ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ታየኝ ነበር። "ለዚህ ነው እንዴ?" አለችኝ። "ለዚህ ነው በየቀኑ እየደወለች 'አባባ ተሻላቸው?' የምትለኝ? ደህና ናቸው ስላት 'እንዳልጨነቅ ደብቀሽኝ ነው' ትለኝ ነበር። በጦርነቱ ስልኩ እስኪቋረጥ ድረስ ሳታምነኝ ቀረች።"

ዘመድ ቤት አድረን በማግስቱ ወደ መቃብሯ ሄድን። ልጆቹ ስሟን አጽፈው ዙሪያውን በድንጋይ ከልለውላታል። እናቴ አፈሩ ላይ ተደፋች። አባቴ ጎንበስ ብለው ድንጋዩን በመዳፋቸው ጠረጉ፤ ቤት ሆነን እንደምንጨዋወተው ቀስ ብለው አነጋገሯት።

"ልጄ፣ አላመመኝም ነበር። ደህና ነኝ። ይኸው መጣሁ" አሉ።

ሌላ አልጨመሩም። እናቴ እንባዋን ሳትጠርግ ቀና አለችና "ና፣ አንተም ንገራት" አለችኝ። ቀርቤ ተንበረከክሁ። ብዙ ቆየሁ፤ አንድም ቃል ከአፌ አልወጣም።