በወረፋው ላይ የተውኩት ድንጋይ

ይህ ነገር የገጠመኝ በምርጫው ዕለት፣ እዚሁ ደብረ ታቦር ነው። ድንጋይ ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ደብረ ታቦር ላይ ደግሞ ድንጋይ ሳያዩ መዋል አይቻልም።

በአንድ ዳቦ ቤት ጋጋሪ ነኝ። ዕድሜዬ ከሰላሳ ቢያልፍም መርጬ አላውቅም ነበር። ምርጫ በመጣ ቁጥር እኔ ምድጃ ፊት ነኝ። ካርድ አውጥቼ ሳልጠቀምበት የቀረሁበት ጊዜም አለ። በዚህኛው ግን የመጣው ይምጣ፣ ሳልመርጥ አልገባም ብዬ ምያለሁ።

አሠሪያችን ጋሽ ደሴ ዳቦ ቤቱን አልዘጉም። ሠራተኛ ለመምረጥ ሲሄድ ደመወዙ ሳይቆረጥ ፈቃድ እንደሚሰጠው ብነግራቸው፣ “ጉዳዩ የሚፈጀውን ጊዜ ያህል ብቻ ነው ሕጉ የሚለው። አንድ ወረቀት ሳጥን ውስጥ መጨመር ስንት ሰዓት ይፈጃል?” አሉኝ። ተከራክሬ ተከራክሬ እስከ አራት ሰዓት ፈቀዱልኝ። ብልጥ ልጅ የሰጡትን ይዞ ያለቅሳል ብዬ ወጣሁ።

ምርጫ ጣቢያው በማለዳ ስደርስ ወረፋው ከግቢው አልፎ መንገዱን ይዟል። ሰው እንደለመደው በየቦታው ድንጋይ አኑሮ ጥግ ጥጉን ተቀምጧል። ወረፋው ፈቀቅ ሲል ሁሉም ተነስቶ ድንጋዩን ወደፊት ይገፋል።

እኔ በዚህ ነገር እምነት የለኝም። የስኳር ወረፋ ላይ ድንጋዬን ስንቴ ወርውረውብኛል። ስለዚህ ማንም በእግሩ የማይገፋው ትልቅ ድንጋይ ፈልጌ፣ እያቃሰትኩ አመጣሁና ከአንዲት ጠና ካሉ እናት ድንጋይ ኋላ ጎለትኩት። የእሳቸው ድንጋይ ከቡጢ አትበልጥም። የኔን አዩና ፈገግ አሉ።

አራት ሰዓት ሊሆን ሲል፣ ገና ወረፋው ሳይጋመስ ስልኬ ጮኸ። ጋሽ ደሴ ናቸው። አብሮኝ የሚሠራው ሰው እጁን ምድጃ አቃጥሎት ሐኪም ቤት ሄዷል፤ ሊጡ ኩፍ ብሎ እየፈሰሰ ነው። “አሁኑኑ ና!” ብለው ዘጉት። ሥራዬን ባጣ ልጆቼን የማበላው የለኝም። ቀረብኝ አልኩ፣ ዘንድሮም ቀረብኝ። ከዚያ ማንንም ሳላይ፣ “ድንጋዬን አደራ!” ብዬ ጮኼ ሮጥኩ።

ቶሎ እመለሳለሁ ብዬ ነበር። ግን አንዱ ዳቦ ሲወጣ ሌላው ይገባል። ከሰዓት በኋላ ከጉና ተራራ በኩል የመጣው ዳመና ዝናቡን አወረደው። ቆርቆሮውን ሲደበድበው ስሰማ ንዴቴን በሊጡ ላይ ተወጣሁት። እጄ ሥራ የፈታው አሥራ አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ጋሽ ደሴ ለማታው ቡኮ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እንድመለስ አስጠንቅቀውኛል። ለመንገድ አንድ ትኩስ ዳቦ ይዤ፣ በዱቄት እንደተለወስኩ በረርኩ።

ስደርስ ሰልፉ አሁንም ረጅም ነው። በቀረችኝ ጊዜ የማይታሰብ ነው። ተስፋ ቆርጬ መጨረሻው ላይ ልቆም ስል፣ ከበሩ በኩል “አንተ ዱቄታም! ወዲህ ና!” የሚል ድምፅ ሰማሁ።

የጠዋቷ እናት ናቸው። ነጠላቸው በዝናብ ርሶ ከላያቸው ላይ ተጣብቋል። ጣታቸው ላይ የምርጫው ቀለም አለ። ከእግራቸው ሥር፣ ልክ በሩ አጠገብ፣ ድንጋዬ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ተቀምጧል።

“ምነው ልጄ፣ በዚህ ሁሉ አገር ቀለል ያለ ድንጋይ አጣህ?” አሉኝ።

ከሰልፉ ፊት የቆመ አንድ አስተማሪ ነው የሆነውን የነገረኝ። እኒህ እናት ወረፋው በተንቀሳቀሰ ቁጥር የራሳቸውን ድንጋይ ገፍተው የኔን ያንከባልሉ ነበር። ሲያቅታቸው አጠገባቸው ያለውን “በል አግዘኝ” ይላሉ። በር ደርሰው መረጡ። ወጥተው ግን ወደ ቤታቸው አልሄዱም፤ ድንጋዬ ዘንድ ተመልሰው ተቀመጡ። ሰው ሁሉ ከዝናቡ ሲሸሽ አልተነሱም። ልጃቸው ልትወስዳቸው ብትመጣም መለሷት።

“እማማ፣ ያውቁኛል እንዴ?” አልኳቸው።

“የት አውቄህ!”

“ታዲያ ለምን እንዲህ ሆኑ?”

“አደራ ብለህ አይዶለም እንዴ የሄድህ?”

“እኔ እኮ ለአንቱ ብዬ አይደለም። ዝም ብዬ ለሰው ሁሉ ነው የጮኽኩት።”

“ለሰው ሁሉ ካልህ ለእኔም ብለሃል። እኔም ሰምቻለሁ። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ። በል ግባ፣ አታስቁመን።”

ሰልፉን ዞር ብዬ አየሁት። ሰው ሁሉ በስብሶ በብርድ ይንቀጠቀጣል። አንድ እንኳ ምን ቆርጦት ይቀድመናል ያለ የለም። አስተማሪው “ግባ እንጂ፣ ድንጋይህ ከጠዋት ጀምሮ ቆሟል” ብሎ መንገድ ለቀቀልኝ። ገባሁ። ማንን እንደመረጥኩ የኔ ምስጢር ነው። ማን እንዳስመረጠኝ ግን ለሰው ሁሉ እናገራለሁ።

ስወጣ ዳቦውን ሰጠኋቸው። ለካ የሰኔን ጾም ይዘው እስከዚያ ሰዓት እህል አልቀመሱም። ባርከው ቆረሱና መጀመሪያ ለእኔ ሰጡኝ። ስንት ዘመን ዳቦ ስጋግር ኖሬ፣ ባርኮ የቆረሰልኝ ሰው ያገኘሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ማታ ጋሽ ደሴ፣ “እህሳ፣ ስንት ሰዓት ፈጀብህ?” ሲሉኝ እጅጌዬን ሰብስቤ ማቡካት ጀመርኩ። እኔ ውስጥ የቆየሁት ጥቂት ደቂቃ ነው። እኒያ እናት ግን ቀኑን ሙሉ ሰጥተውኛል፤ ያውም ፈቃድ የሚሰጣቸውም የሚከፍላቸውም ሳይኖር።

ድንጋዩ ዛሬም ከዚያ ግቢ አጥር ሥር አለ። ሳልፍ ቆም ብዬ አየዋለሁ። በቀደም ላነሳው ብሞክር ወገቤን ያዘኝ። እኔ እኮ ያን ያህል ከባዱን የመረጥኩት፣ ሰው እንዳይነካብኝ ብዬ ነበር።