ለጋሽ አስራት የተጻፈች ምልክት

ለማስተማር ቦንጋ ከተመደብኩ ወዲህ የሰፈራችንን ቤተ ክርስቲያን መዘምራን የማሠለጥነው እኔ ነኝ። ችግሬ አንድ ነው፤ ጋሽ አስራት። ከመዝገብ ቤት ጡረታ ወጥተዋል፣ ድምፃቸው ግን ገና ጡረታ አልወጣም። አፋቸውን ከከፈቱ ሴቶቹ አይሰሙም።

«ጋሽ አስራት፣ እዚች ጋ ቀስ ቢሉልን» አልኳቸው በልምምድ ላይ።

«በጽሑፍ ይምጣልኝ» አሉ ኮስተር ብለው።

እሺ ብዬ ላፕቶፔን ከፈትኩና በኖታ መጻፊያው ፕሮግራም ከወንዶቹ መስመር በላይ «በለሆሳስ» የምትል ምልክት አስገባሁ። ከላይ ካለው ከሴቶቹ መስመር ግጥም ጋር ተደረበች። በማውዝ ይዤ ወደ ላይ ገፋ አደረግኳት፤ አሁንም ተደረበች። ደግሜ ገፋኋት። በመጨረሻ ባዶ ቦታ አግኝታ ስታርፍልኝ ደስ ብሎኝ አተምኩት።

እሑድ አዲሱን ወረቀት አደልኩ። ከደካና ከዋጫ የመጡ እንግዶች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። እዚያች ቦታ ስንደርስ ሴቶቹ በሙሉ ድምፃቸውን ዋጥ አደረጉ፤ ጋሽ አስራት አዳራሹን ብቻቸውን ሞሉት። ደንግጬ ወረቀቴን ባየው ምልክቷ ከሴቶቹ መስመር በላይ ተደላድላ ተቀምጣለች። ጋሽ አስራትን ዝቅ እንዲሉ በእጄ ብለምናቸውም ዓይናቸውን ከወረቀቱ አልነቀሉም።

ሲያልቅ ተጠጋኋቸው። «ጋሽ አስራት፣ ያቺ ምልክት እኮ የእርስዎ ነበረች። ተሳስቼ ነው ሴቶቹ ጋ ያስቀመጥኳት።»

«ገና ስታድለን ገብቶኛል» አሉ ወረቀቱን በጥንቃቄ አጥፈው ኪሳቸው እየከተቱ። «ታዲያ ለሌላ ክፍል በተመራ ደብዳቤ እኔ ምን አገባኝ?»