እስከ በሩ ድረስ

ልብስ ሰፊዋ እንግሊዝኛ መማር የጀመረችው ፀጉሯ ከሸበተ በኋላ ነው። የስፌት መኪናዋን እየረገጠች «ፉት፣ ፊት! ማውስ፣ ማውስስ!» እያለች ነጠላና ብዙ ቁጥር ስታጠና፣ ጡረታ የወጣው አስተማሪ ታናሽ ወንድሟ ያርማታል።

«እትዬ፣ ‹ማይስ› ነው! ስንቴ ልንገርሽ?»

«ታዲያ ‹ሃውስ› ለምን ‹ሃይስ› አይሆንም? ልቤን አታድርቀው!»

ትምህርት ቤት የምትሄድበት ሰዓት ሲደርስ ግን ከዘራውን አንስቶ ቦርሳዋን ያነግታል።

«ወዲህ በለው፣ ልጅ መሰልኩህ?» ብትለውም ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል።

በልጅነታቸው አባታቸው «ሁለት ማስተማር አልችልም» ብሎ እሷን ቤት አስቀርቷት ነበር። የወንድሟን ቦርሳ ተሸክማ እስከ ትምህርት ቤቱ በር ታደርሰውና፣ እሱ ሲገባ ብቻዋን ትመለስ ነበር።

ዛሬም በሩ ላይ ደረሱ። ወንድሟ ቦርሳዋን አስረከባት።

«በይ ግቢ» አላት፤ «አሁን እኔ ልመለስ።»