የጫት ቀማሹ ጥርሶች

ባሌ ቲጃኒ ሃያ ሁለት ዓመት እንጀራውን የበላው በአፉ ነው። ደላላ ሆኖ እንዳይመስላችሁ፤ መርካቶ ውስጥ ለጫት ነጋዴው ለሀምዳን ጫት የሚቀምሰው እሱ ነበር። ከአጋሮ መስመር የመጣው ጫት ወደ ሌላ ከተማ በሚወስደው መኪና ላይ ከመጫኑ በፊት ከየእስሩ አንድ ቀንበጥ ይቀነጥባል፣ ያላምጣል፣ ትንሽ ጉንጩ ውስጥ ይዞ ይቆይና ይሄ ይሂድ፣ ይሄ ይቅር ይላል። ሀምዳንም ሰው ፊት «የቲጃኒ አፍ ሚዛን ነው» እያለ ይክበዋል። ያ አፍ ቤት ሲገባ ምን እንደሚመስል የማውቀው ግን እኔ ነኝ።

ምሬቱን ለመስበር ከቅጠሉ ጋር ስኳር ይቅማል፣ ለስላሳ ይጠጣበታል። መጀመሪያ ጥርሶቹ ጠቆሩ፣ ከዚያ ድዱ ሸሸ። የግራ መንጋጋው ሲያመው ደግሞ መላ አገኘሁ ብሎ ጫቱን እዚያው ላይ ይይዘዋል፤ ያደነዝዝለታል። አቁም ስለው ይስቅብኛል። በነሱ ሙያ የሚቀምስ ሰው ቃሚ አይባልም። ቃሚ ማለት ዙህር ሰግዶ ፍራሽ ላይ ጋደም ብሎ የጫቱን ውዳቂ፣ ገረባውን፣ የሚከምር ነው፤ ቀማሽ ግን ቆሞ ሠርቶ ይገባል። ቲጃኒ ይህን ከልቡ ያምንበታል።

ጉንጩ አብጦ ዓይኑን ሲሸፍነው እየጎተትኩ ጥርስ ክሊኒክ ወሰድኩት። ሐኪሟ ኢፍቱ የምትባል ልጅ እግር ናት።

«ኦቦ ቲጃኒ፣ ጫት ይቅማሉ?» አለችው።

«ዎላሂ አልቅምም።»

ዓይኑን ሳያሽ ነው የማለው። ልናገር ስል ዞሮ አየኝ፤ ባሌን በልጅ ፊት ማዋረድ ከብዶኝ ዝም አልኩ። ያን ዝምታዬን እስከ ዛሬ እረግመዋለሁ። ኢፍቱ ጥርሶቹን አይታ ተጠራጥራለች፤ ግን በአባቷ ዕድሜ ያለ ሰው ሲምልላት ምን ትበል? ሁለት መንጋጋ ነቀለችለት፣ መድኃኒት ሰጠችው። ቲጃኒ በማግስቱ ጠዋት ሀምዳን ዘንድ ቆሞ ይቀምሳል።

ቅጠሉ ቁስሉ ውስጥ ገብቶ መገለ፣ እስከ አጥንቱ ዘለቀ። ክሊኒኩ ስንመለስ ኢፍቱ ከጥርሱ ጉድጓድ አረንጓዴ ነገር በመቆንጠጫ አወጣችና አሳየችኝ። አልተቆጣችም። ካቆመ አጥንቱ እንደሚድን፣ ከቀጠለ ግን መንጋጭላውን ቆርጦ እስከማውጣት ሊደርስ እንደሚችል ረጋ ብላ ነገረችን። የግራዎቹ ጥርሶች ሁሉ ተነቀሉ። የቀኞቹም ድሮ ተነቃንቀው ስለነበር ብዙ አልቆዩም።

ሀምዳን አንድ ቀን ሙዝ ይዞ ሊጠይቀው መጣ። በሳምንቱ ጥርሱ ሙሉ የሆነ ሌላ ሰው ቀጠረ። የሃያ ሁለት ዓመት ሚዛን ሲሰበር ካሳው ሙዝ ነው።

ቲጃኒ አስራ አንድ ቀን ቻለ። ሐራራው ያንቀጠቅጠዋል፣ በሰበብ በአስባቡ ይቆጣኛል፤ ቢሆንም ቻለ፣ ቁስሉም መድረቅ ጀምሮ ነበር። በአስራ ሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ትንሿን ሙቀጫና አንድ እስር ጫት አምጥቶ እግሬ ሥር አስቀመጠ። እኛ ዘንድ ጥርሳቸው ያለቀ ሽማግሌዎች ጫት ተወቅጦ ይሰጣቸዋል። ቲጃኒ ግን ገና ሃምሳ አልሞላውም።

«ዘይቡ፣ ትንሽ ብቻ» አለኝ። «ለቅምሻ።»

ሙቀጫውን ከነዘነዘናው ወደ ውጭ ልወረውረው ነበር። ቀና ብዬ ሳየው ያለቅሳል። ጠላሁት፣ አሳዘነኝም፤ የቱ እንደበለጠ አላውቅም። ወቀጥኩለት። በማግስቱም ወቀጥኩለት። አሁን ጎረቤቶቼ ድምፁን ሰምተው ቅመም የምወቅጥ ይመስላቸዋል።

ባለፈው ሰኞ ለቀጠሮ ሄድን። ኢፍቱ ቁስሉን አይታ ፊቷ ተለወጠ። ማን ቢጠየቅ እውነት እንደሚናገር የምታውቅ መስሏት እሱን ትታ ወደ እኔ ዞረች።

«አዴ ዘይቡ፣ እርስዎ ይንገሩኝ። እሳቸው አሁንም ይቅማሉ?»

አረንጓዴው ከጥፍሮቼ ሥር አልለቀቀም ነበር። እጆቼን ሻርፔ ውስጥ ከተትኩ።

«ዎላሂ አይቅምም» አልኳት።