ማን እንደሞተ ያልታወቀበት እሑድ

አባቴ የዓይናቸውን ሞራ አስገፍፈው አዘዞ እኔ ቤት ከተኙ አራተኛ ቀናቸው ነበር። አንዱ ዓይናቸው በፋሻ ተሸፍኗል፣ ሌላው ድሮውንም ከጭላንጭል በቀር አያይም። ሥራ ፈትቶ መቀመጥ የማይሆንላቸው ገበሬ ናቸውና፣ እንዳይሰለቹ ብዬ ትንሿን ሬዲዮ ከትራሳቸው አጠገብ አኖርኩላቸው። ምን እንደነካኝ እንጃ! የእጄን ነው ያገኘሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ የቢሮ ጸሐፊ ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጥቂት ጓደኞቼ ጋር የሬዲዮ ድራማ እንሠራለን። ይህን አባቴ አያውቁም። ከደባርቅ በላይ ባለው መንደራችን፣ ሰው ፊት ቆሞ በድምፁ የሚያዝናና ሁሉ ለእሳቸው አዝማሪ ነው። «ከእኔ ዘር አዝማሪ ከወጣ አጥንቴ እሾህ ሆኖ ይውጋው» ሲሉ ነው ያደግነው። አዝማሪ ምን በደላቸው ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ ሠርግ ላይ መሰንቆ ሲሰሙ ከሁሉም ቀድመው ብር ግንባሩ ላይ የሚለጥፉት እሳቸው ናቸው።

የዚያን እሑድ አንድ ጣቢያ ቀኑን ሙሉ ክላሲካል ሙዚቃና አንድ ድራማ ብቻ ሊያሰማ አስቦ፣ የእኛን ድራማ ለዘጠኝ ሰዓት መድቦታል። እኔ አባቷ የሞተባትን ሴት ሆኜ ነው የምጫወተው። ስለዚህ ምክሬን አስቀድሜ መከርኩ፦ ስምንት ተኩል ላይ «ባትሪው አለቀ» ብዬ ሬዲዮውን ዝም ማሰኘት። አርባ ዓመት የሞላት ሴት ከአባቷ ሬዲዮ ስትደብቅ! አፍሬያለሁ፤ ግን እርግማናቸውን ከመስማት ማፈር ይሻለኛል።

ረፋዱ ላይ የዓይን ጠብታቸው አለቀ። ለእሑድ ክፍት የሆነ መድኃኒት ቤት ያለው ፒያሳ ነው ተባልኩና ሄድኩ። አንዱ ጋ የለም፣ ሌላው ጋ ባለቤቱ ቤተ ክርስቲያን ሄዷል፣ ሦስተኛው ጋ ሰልፍ ነው። ሚኒባሱ ደግሞ ካልሞላ አልንቀሳቀስም ብሎ ገተረን። በራችን ላይ ስደርስ ስምንት ተኩል አልፏል።

ግቢው ውስጥ ሰው ሞልቷል። አግዳሚ ወንበር ከየቤቱ ወጥቶ ተደርድሯል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። ቦርሳዬን መሬት ጥዬ «አባቴን! አባቴን!» እያልኩ ጮህኩ።

ጎረቤቴ እትዬ ሮጠው መጥተው ያዙኝ። «ኧረ በእመቤቴ! አባትሽ ደህና ናቸው፣ ቤት ውስጥ ናቸው!»

«ታዲያ ማን ነው የሞተው?»

«እሱንማ ገና አልነገሩንም» አሉኝ፣ እንባቸውን እየጠረጉ።

ስገባ አባቴ አልጋው ጫፍ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። ዙሪያቸውን የሰፈሩ ሽማግሌዎች አሉ። መሃል ላይ፣ በርጩማ ላይ፣ ሬዲዮዋ አንድ ረጅም ቫዮሊን ታስለቅሳለች።

«ምነው ቆየሽ ልጄ?» አሉ ድምፄን ሲሰሙ። «አገር ሐዘን ላይ ነው።»

ያን ጊዜ ገባኝ። በእኛ አገር ሬዲዮ ዘፈኑን ትቶ ቃል የሌለው ሙዚቃ ሲያሰማ ከዋለ ትልቅ ሰው ሞቷል ማለት ነው። እንዲህ ሆኖ የሟቹ ስም እስኪነገር ሲጠብቁ አባቴ ስንት ጊዜ ውለዋል! ጠዋት ጣቢያው ዝግጅቱን ሲያስተዋውቅ እሳቸው ጸሎት ላይ ነበሩ። ኋላ ሲከፍቱት ሙዚቃ፣ አሁንም ሙዚቃ። እትዬን አስጠሩ፤ እትዬ ሰፈሩን ጠሩ። የስልኩ ኢንተርኔት እንደ ልማዱ የለም፣ የሚያጣራም አልተገኘ።

«አባባ፣ የሞተ ሰው የለም እኮ! እንዲሁ ሙዚቃ ነው» አልኩ።

«አንቺ ምን ታውቂያለሽ? ትናንት የተወለድሽ! ሰው ሳይሞትማ እንዲህ አያለቅስም።»

ድራማ አለ፣ ለዚያ ነው እንዳልል በራሴ ላይ መመስከር ሆነብኝ። «እንግዲያው ባትሪው እንዳያልቅ ትንሽ እናጥፋው» ብዬ እጄን ስሰድ ስድስት ሽማግሌ በአንድ አፍ ጮኸብኝ። አንዱማ «ስሙ ሊነገር ሲል ነው እንዴ የምታጠፊው?» ብለው በከዘራቸው እጄን መለሱት። ሃያ ሰው ለቅሶ የተቀመጠበትን ሬዲዮ እንዴት አድርጌ ላጥፋ? ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ሙዚቃው ቆመ። ውጭ የነበሩት በሩ ላይ ተደራረቡ። የጋዜጠኛው ድምፅ መጣና «አሁን ወደ ድራማችን እናልፋለን» አለ።

«ድራማ? በዚህ ቀን?» አሉ አንዱ።

«ዝም በሉ እስቲ፣ ከዚያ በኋላ ይናገሩ ይሆናል» አሉ አባቴ።

ከዚያ የእኔ ድምፅ መጣ። ጽሑፉ ላይ የነበረው «ወይኔ አባቴ» ብቻ ነበር። ቀረጻ ላይ አልበቃ ብሎኝ፣ እንደ አገራችን አልቃሾች ከራሴ አወጣሁ፦

«በሬዎቹን ጠምዶ፣ ሞፈሩን አንስቶ፣
ወዴት ነው የሄደው፣ ትልሙን ረስቶ?»

መጀመሪያ የፈነዱት እትዬ ናቸው። ከዚያ ሴቶቹ ሁሉ ተከተሉ። እነዚህ ሰዎች ከረፋዱ ጀምሮ ሊያለቅሱ መጥተው ሟች አጥተው ነው የተቀመጡት፤ አሁን አገኙ። አንጀታቸው እስኪርስ አለቀሱ። እኚያ በከዘራ የመለሱኝ ሽማግሌ እንኳ በጋቢያቸው ጫፍ አፍንጫቸውን ይጠርጋሉ። አባቴ ብቻ አልተነቃነቁም። መቁጠሪያቸው ጣታቸው ላይ ቆሟል። አላወቁኝም፣ ተመስገን፣ አልኩ በሆዴ።

ድራማው አለቀና ጋዜጠኛው የተዋንያኑን ስም ማንበብ ጀመረ። ይህን እንዴት ረሳሁት! የእኔ ስም ብቻ ቢሆን አንድ ነገር ነው፣ ያው ስም ይመሳሰላል። ግን ከስሜ ቀጥሎ የአባቴ ስም አለ፣ ከዚያ የአያቴ። ሦስቱንም አንድ በአንድ፣ ጥርት አድርጎ ጠራቸው።

ለቅሶው ቆመ። ሰው ሁሉ አንዴ እኔን፣ አንዴ አባቴን ያያል።

«ስሜን ጠራው» አሉ አባቴ።

«አዎ፣ አባባ።»

«ያባቴንም።»

«አዎ።»

«አዝማሪ ሆንሽብኝ!»

መሸሽ ሰለቸኝ። «ሆንኩ» አልኩ። «ከሆንኩ ሦስት ዓመት አለፈኝ። እወደዋለሁ፤ አልተወውም።»

አባቴ መቁጠሪያውን ወደ ኪሳቸው ከተቱ።

«ያን ግጥም ማን ሰጠሽ?»

«ማንም አልሰጠኝም፣ ከራሴ ነው።»

«በሬ ጠምዶ የተወው ማን ነው? ከተሜ በሬ አያውቅም።»

«እርስዎ ነዎት» አልኩ። «የተቀረጸው እርስዎ ሊታከሙ በመጡበት ሰሞን ነው። ሆስፒታል ሲባል ፈርቼ ነበር፤ የሚሞቱብኝ መስሎኝ ነበር። የድራማው ሴት መቼ ትዝ አለችኝ! እርስዎን ነው ያለቀስኩት።»

ራሳቸውን ነቀነቁና «ሸጋ አለቀስሽ» አሉ። ድምፃቸው ተሰበረ። «እኔ እንግዲህ ስሄድ የምትይው ይኸ ነው?»

«አባባ፣ ተዉ እንጂ!»

«እኔ አስከሬን ሆኜ ስጋደም አገር ይሰማሻል። እኔ ግን አልሰማሽም። ነይ ወዲህ፤ አሁን በይልኝ።»

«ኧረ ሟርት ነው፣ አያ!» እትዬ አማተቡ። «በቁም ሰው ይለቀሳል እንዴ?»

«ሟርቱም የኔ፣ ልጅቱም የኔ!» አሉ አባቴ፣ እጃቸውን ወደ እኔ ዘርግተው ባየሩ ላይ እየዳሰሱ።

ሬዲዮውን አጠፋሁት። ከእግራቸው ሥር ተቀመጥኩ፣ እጃቸውን ያዝኩና ለአባቴ፣ እየሰሙኝ፣ አለቀስኩላቸው።